ጉጉቱን ተዉት፤ የዶሮውን ቤት ዝጉ

በጓሯቸው ዶሮ ለሚያረቡ ወገኖች የቀረበ

ከፈረንጅ ሱቅ ተገዝቶ የሚመጣው ዶሮ ለዶሮ ወጥ እንደማይመች የማያውቅ ያገራችን ሰው ያለ አይመስለንም። ገና ሁለት ወር ሳይሞላው የሚታረድ በመሆኑ ቁሌቱን በወጉ ሳይጠጣ ሥጋው ከአጥንቱ ይላቀቃል፤ አሥራ ሁለቱ ብልትም ድስት ውስጥ ገብቶ የትኛው የትኛው እንደሆነ ይጠፋል። በዚህ ላይ የእንቁላል ዋጋ አለ። በአሜሪካ የወፍ ጉንፋን ብዙ ሚሊዮን እንቁላል ጣይ ዶሮዎችን ከፈጀ በኋላ፣ የአንድ ደርዘን እንቁላል አማካይ ዋጋ እ.ኤ.አ. በማርች 2025 ከ6 ዶላር በላይ ደርሶ እንደነበር ይታወሳል። ስለዚህ ጓሮ ያለው ቤት ያገኙ ወገኖቻችን፣ በተለይም የልጅ ልጅ ለማሳደግ ከአገር ቤት የመጡ እናቶች፣ አራት አምስት ዶሮ ለመያዝ ቢነሱ የሚያስደንቅ አይደለም።

ይሁን እንጂ ዶሮ ባለበት ቤት አንድ ክፉ ጧት አይቀርም። እማማ ጥሬ ይዘው ሲወጡ ከአምስቱ አንዷ ራሷ ተበልቶ ወድቃለች፤ ወይም አጥሩ ሥር ከተበተነ ላባ በቀር ምንም የለም። ለገና የታሰበችው ዶሮ ሄደች ማለት ነው። ቤተሰቡ ይሰበሰብና ሦስት ዓይነት ምክር ይሰጣል። አንደኛው፣ «ሌሊት ጉጉት ሲጮህ ሰምቻለሁ፤ ምልክቱ ጥሩ አይደለምና ዶሮው ይቅርብን» ይላል። ሁለተኛው፣ «ጠመንጃ ይገዛና አድፍጠን እንምታው» ይላል። ሦስተኛው ደግሞ፣ «መርዝ ለውሰን እናስቀምጥለት» ይላል።

ሦስቱም አይበጁም። የመጀመሪያው ያለ ዶሮ ያስቀራል፤ ሁለተኛው ፍርድ ቤት ያቆማል፤ ሦስተኛው የጎረቤትን ውሻ ይገድላል። የሚበጀው አራተኛው ምክር ሲሆን፣ እርሱም የዶሮውን ቤት በሚገባ መዝጋት ነው። ከዚህ በታች የምናብራራው ይህንኑ ነው።

አገር ቤት ዶሮን የሚጠብቃት ማን ነበር?

አገር ቤትም ቢሆን የዶሮ ጠላት ጠፍቶ አያውቅም። ቀን ጭልፊቱ ከሰማይ እየወረደ ጫጩት ይነጥቃል፤ ሌሊት ሸለምጥማጡ በቀዳዳ ይገባል። ሆኖም የእናቶቻችን ዶሮ ዘሯ ሳይጠፋ የኖረው ጭልፊትና ሸለምጥማጥ ሁሉ ተገድሎ ስላለቀ አልነበረም። ጀንበር ስትጠልቅ ዶሮዋ ከሰው ጋር አንድ ጣሪያ ሥር ገብታ ቆጥ ላይ ትሰፍራለች፤ በሩ በመወርወሪያ ይዘጋል፤ ደጅ ውሻ ይተኛል። ቀንም ቢሆን ግቢው ባዶ ሆኖ አይውልም። ልጆች ይጫወታሉ፤ ሴቶች እህል ያሰጣሉ፤ ጭልፊቱ ማንዣበብ ሲጀምር አንዱ አይቶ ይጮኽበታል፤ ሌላው ድንጋይ ይወረውርበታል።

እዚህ ግን ነገሩ ተገልብጧል። ባልም ሚስትም ሥራ ናቸው፤ ልጆቹ ትምህርት ቤት ናቸው፤ ግቢው ከጧት እስከ ማታ ሰው አያይም። ሌሊት ደግሞ ዶሮዋ ከሰው ተለይታ፣ ከስስ ጣውላ በተሠራ ሳጥን ውስጥ ብቻዋን ታድራለች። እንግዲህ በስደት ዶሮ ሲረባ የጎደለው ጀግና አዳኝ ሳይሆን የሰው ዓይንና የሰው ጣሪያ ነው። ሽቦውና መቀርቀሪያው የሚተኩትም ይህንኑ የጎደለውን ነገር ነው።

የሌሊቱ እንግዳ

በሰሜን አሜሪካ ትልቅ ዶሮ የሚደፍረው ጉጉት በዋናነት «ግሬት ሆርንድ አውል» የሚባለው ነው። ራሱ ላይ ቀንድ የሚመስል ነገር ቢታይበትም ቀንድም ጆሮም አይደለም፤ የቆመ ላባ ነው። ክንፉ ሲዘረጋ ከአንድ ሜትር እስከ ሜትር ተኩል ይደርሳል። ከዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ እስከ ሲያትል፣ ከሚኒሶታ እስከ ዳላስ፣ ወገኖቻችን በብዛት ባሉባቸው ቦታዎች ሁሉ ይገኛል። ጥቅጥቅ ያለ ጫካም አያስፈልገውም፤ ትላልቅ ዛፎች ያሉት መናፈሻ ወይም መካነ መቃብር ይበቃዋል።

ይህ ወፍ የሚፈራው በጉልበቱ ብቻ አይደለም። ከክንፉ ፊት ለፊት ያሉት ላባዎች ጠርዛቸው እንደ ማበጠሪያ ጥርስ የተከፋፈለ በመሆኑ ሲበር ድምፁ አይሰማም። ዶሮ በበኩሏ በጨለማ አታይም፤ አንዴ ቆጥ ላይ ከሰፈረች ቢመጡባትም እንኳ ወዴት እንደምትሸሽ አታውቅም። ዛፍ ላይ ወይም አጥር ላይ የምታድር ዶሮ ለጉጉት የተሰናዳች እራት ናት ማለት ይቻላል።

ጉጉቱ እንቁላል የሚጥለው ሌሎች ወፎች ገና ሳያስቡት ነው። በአብዛኛው ቦታ በጃንዋሪና በማርች መካከል ጥሎ ለአንድ ወር ያህል ይታቀፋል፤ ከዚያ በኋላ ጫጩቶቹን ለመመገብ ሌሊቱን ሙሉ ያድናል። በእኛ አቆጣጠር ሲታይ፣ ጥንዶቹ የሚጠራሩበት ጊዜ ከገና ጋር፣ ጫጩቶቻቸውን የሚቀልቡበት ጊዜ ደግሞ ከሁዳዴና ከፋሲካ ጋር ይገጣጠማል። እኛ ስንጾም እርሱ አይጾምም፤ ለፋሲካ የምናደልባትን ዶሮ እርሱም ያያታል።

ጉጉት ሲጮህ ሞት ይጠራል የሚለው እምነት ብዙዎቻችን ከልጅነት ጀምሮ የሰማነው ነው። ይሁን እንጂ በብርዱ ወራት ሌሊት የሚሰማው ጩኸት ወንዱና ሴቷ የሚጠራሩበትና «ይህ አካባቢ የኛ ነው» የሚሉበት ነው። የሚጠራው ጋብቻን እንጂ ሞትን አይደለም። በተጨማሪም የሚጮኸው ጉጉት ሁሉ ዶሮ በላ አይደለም። ፊቱ ነጭ የሆነው «ባርን አውል» ኑሮው አይጥ ላይ ነው፤ «ባርድ አውል» የሚባለውም ይበልጡን አይጥና እንቁራሪት ይበላል እንጂ ትልቅ ዶሮ እምብዛም አይነካም።

ገዳዩን በሥራው ማወቅ

ብዙ ጊዜ ጉጉቱ ያልሠራው ወንጀል ይለጠፍበታል። ከመፍረድ በፊት ቦታውን መመልከት ያሻል።

ራሷና አንገቷ ተበልቶ ቀሪው አካሏ ከተገኘ፣ በተለይም ዶሮዋ ደጅ አድራ ከሆነ፣ ጉጉት ይጠረጠራል። ራሷ ጠፍቶ አካሏ ከሽቦው ሥር ከውስጥ በኩል ከወደቀ ግን የራኩን ሥራ ነው። ራኩን ዓይኑ ዙሪያ ጥቁር ጭንብል ያጠለቀ የሚመስል፣ ጅራቱ ቀለበት ቀለበት የሆነ አውሬ ሲሆን፣ የፊት እግሮቹን እንደ ሰው እጅ ይጠቀምባቸዋል። እጁን በሽቦው ቀዳዳ አስገብቶ ያገኘውን ይጎትታል፤ ቀላል መቀርቀሪያም ይከፍታል።

ላባዋ አንድ ቦታ ተነጭቶ ክምር ሆኖ ከተገኘና ነገሩ በቀን የሆነ ከሆነ ጭልፊት ነው። ዶሮዋ ከነአካሏ ጠፍታ ጥቂት ላባ ብቻ ከቀረ ቀበሮ ወይም ኮዮቴ ይጠረጠራል፤ ቀበሮ ልጆቹን በሚያሳድግበት በጸደይ ወራት በጠራራ ፀሐይም ይመጣል። በአንድ ሌሊት ብዙ ዶሮዎች አንገታቸው ተነክሶ ከነሥጋቸው ከተገኙ፣ ቀጭንና ረጅም የሆኑት ዊዝል ወይም ሚንክ የሚባሉት አውሬዎች ገብተዋል። ብዙ ዶሮዎች እዚህም እዚያም ተዘነጣጥለው ሳይበሉ ከተጣሉ ውሻ ነው፤ ያውም አብዛኛውን ጊዜ የጎረቤት። እንቁላሉ ተሰብሮ ቅርፊቱ ከቀረ ፖሰም ወይም ስካንክ፣ ከነቅርፊቱ ከጠፋ ደግሞ እባብ ወይም አይጥ መሆኑ ይገመታል።

እርግጥ አንዱ የገደለውን ሌላው መጥቶ ሊበላው ስለሚችል ምልክቱ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። በማስፈራሪያ ዋጋ የምትሸጥ ትንሽ የሌሊት ካሜራ ጥርጣሬውን ትገላግላለች።

ሕጉ ምን ይላል?

በአሜሪካ የሚፈልሱ ወፎችን የሚጠብቀው የፌዴራል ሕግ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1918 ነው። በ1972 ከሜክሲኮ ጋር የነበረው ስምምነት ሲሻሻል ጭልፊት፣ ንስርና ጉጉትም በዚሁ ጥበቃ ሥር ገቡ። ስለዚህ ጉጉት ወይም ጭልፊት መግደል፣ ማጥመድ፣ ጎጆውን ከነእንቁላሉ ማፍረስ፣ ላባውን እንኳ ለጌጥ ማስቀመጥ ያለ ፈቃድ የተከለከለ ነው። ቅጣቱ እስከ 15,000 ዶላርና እስከ ስድስት ወር እሥራት ሊደርስ ይችላል። «ዶሮዬን በልቶብኝ ነው» ማለት ከሕጉ አያድንም። ከባድ ጉዳት የደረሰበት ሰው የፌዴራሉን የዓሣና የዱር አራዊት መሥሪያ ቤት ፈቃድ መጠየቅ ይችላል፤ በቅድሚያ ግን «ቤቱን ዘግተሃል ወይ?» ተብሎ መጠየቁ አይቀርም።

የዜግነት ወይም የመኖሪያ ወረቀቱ ያላለቀለት ሰው በወንጀል መከሰስ ምን ጣጣ እንደሚያስከትል ለአንባቢ መንገር አያስፈልግም። ለአንዲት ዶሮ ተብሎ ያንን የመሰለ መዘዝ መጥራት፣ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንደሚባለው ነው።

በአውሮፓ ለሚኖሩ ወገኖችም ነገሩ ተመሳሳይ ነው። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ከ1979 ጀምሮ በወጣው የወፎች መመሪያ፣ በብሪታንያ ደግሞ በ1981ዱ የዱር አራዊት ሕግ ጉጉትና ጭልፊት የተጠበቁ ናቸው። በብሪታንያ የጓሮ ዶሮን የሚፈጀው ዋናው ጠላት ቀበሮ ነው፤ በጀርመን ደግሞ ከቀበሮ ሌላ «ማርደር» የሚባለው፣ የኛን ሸለምጥማጥ በጠባዩ የሚያስታውሰው አውሬ አለ።

ራኩንንም ቢሆን በወጥመድ ይዞ ሌላ ሰፈር ወስዶ መልቀቅ በብዙ የአሜሪካ ስቴቶች ያለ ፈቃድ አይቻልም። በተለይም በምሥራቁ ክፍል ራኩን የእብድ ውሻ በሽታ ተሸካሚ በመሆኑ በእጅ ሊነካ አይገባም።

የመርዝ ነገር

መርዝ የበላችው አይጥ ወዲያው አትሞትም። ለጥቂት ቀናት እየተንገዳገደች ትንቀሳቀሳለች፤ ያን ጊዜ ጉጉቱ ወይም የጎረቤት ድመት ይይዛታል። መርዙም ከእርሷ ወደ እነርሱ ይተላለፋል። በኒው ዮርክ የሆነው ለዚህ ምስክር ነው። ፍላኮ የሚባለው ትልቅ ጉጉት እ.ኤ.አ. በፌብሯሪ 2023 የቤቱ ሽቦ ተቆርጦ ከሴንትራል ፓርክ መካነ እንስሳት አምልጦ፣ ለአንድ ዓመት ያህል በከተማው መሐል አይጥ እያደነ የሕዝብ መነጋገሪያ ሆኖ ነበር። በፌብሯሪ 2024 ሞቶ ሲመረመር ከእርግብ በተላለፈበት በሽታ በጽኑ መታመሙና በሰውነቱ ውስጥም አራት ዓይነት የአይጥ መርዝ መኖሩ ታወቀ። የካሊፎርኒያ ስቴት የእነዚህን ጠንካራ መርዞች አጠቃቀም ከ2021 መጀመሪያ አንስቶ የገደበው በዚሁ ምክንያት ነው።

ከዚህም ሌላ ሒሳቡን ማየት ይገባል። ዶሮ ባለበት ጥሬ አለ፤ ጥሬ ባለበት አይጥ አለ፤ አይጥ ባለበት ጉጉት ይመጣል። ጉጉቱ ሲሞት አይጡ ይበዛል። ጉጉቱን ከግቢ ማራቅ የሚሻ ሰው ጥሬውን ክዳን ባለው የብረት በርሜል ይክተት፤ የተረፈውንም ማታ ማታ ከደጅ ያንሣ።

ቤቱ እንዴት ይዘጋ?

1. ሽቦው። «ቺክን ዋየር» እየተባለ የሚሸጠው ባለ ስድስት ማዕዘን ስስ ሽቦ ዶሮን ከመውጣት ያግዳል እንጂ አውሬን ከመግባት አያግድም። ራኩንና ውሻ ይቀዱታል። የሚፈለገው «ሃርድዌር ክሎዝ» የሚባለው፣ ቀዳዳው ግማሽ ኢንች የሆነ፣ እንደ ወንፊት የተሠራ ጠንካራ ሽቦ ነው። ዊዝል አንድ ኢንች ቀዳዳ ካገኘ ያልፋልና በዚህ ላይ መቆጠብ አያዋጣም።

2. አገጣጠሙ። ሽቦው በቀጭን ስቴፕል ብቻ ከተያዘ ራኩን ይነቅለዋል። በብሎንና በሰፊ ሮንዴላ እንጨቱ ላይ ይጠበቅ። የአየር መግቢያው መስኮትም በዚሁ ሽቦ ይሸፈን፤ ሰው የሚረሳው እርሱን ነው።

3. መሬቱ። ቀበሮና ውሻ ይቆፍራሉ። ሽቦውን ከግድግዳው ግርጌ ወደ ውጭ አጥፎ፣ ከ30 እስከ 60 ሳንቲ ሜትር ስፋት መሬት ላይ ማንጠፍና በድንጋይ ወይም በአፈር መሸፈን ይበቃል። አውሬው መቆፈር የሚጀምረው ከግድግዳው ሥር ስለሆነ ሽቦው ላይ ይደርስና ይተወዋል።

4. ጣሪያው። ዶሮዎቹ የሚውሉበት የታጠረ ቦታ ከላይ ክፍት ከሆነ ለጉጉትም ለጭልፊትም በር ነው። በሽቦ ወይም ተወጥሮ በታሰረ መረብ ይሸፈን። በረዶ በሚበዛበት አገር መረቡ በረዶ ሲሸከም ስለሚወድቅ ድጋፍ ያስፈልገዋል።

5. መቀርቀሪያው። ራኩን ወደ ጎን የሚሳብ መቀርቀሪያ፣ ተንጠልጣይ መንጠቆና የሚሽከረከር እንጨት ይከፍታል። ሁለት እርምጃ የሚጠይቅ መዝጊያ ይደረግ፤ ለምሳሌ መቀርቀሪያው ላይ ጓጉንቸር ወይም ጣት ተጭኖት የሚከፈት ባለ ሞላ ቀለበት ቢጨመርበት ይበቃል።

6. ቆጡ። ቆጡ ከሽቦው ግድግዳ ጎን ከሆነ ራኩን እጁን ሰዶ ይደርስባታል። ወደ ውስጥ ገባ ብሎ፣ ጠንካራው ግድግዳ ባለበት በኩል ይሠራ።

7. ሰዓቱ። ከሁሉ የሚበልጠው ይህ ነው። የተሻለው ቤትም ቢሆን ጀንበር ስትጠልቅ በሩ ካልተዘጋ ዋጋ የለውም። ማታ ሥራ ለሚገቡ ሰዎች፣ ሲጨልም ራሱ የሚዘጋና ሲነጋ የሚከፈት በር በገበያ ላይ አለ። ነገር ግን ማሽኑ ዶሮ አይቆጥርም፤ አንዷ ደጅ ከቀረች ይዘጋባታል። አንድ ሰው ወጥቶ መቁጠር አለበት።

ለጉጉት ማስፈራሪያ ተብሎ የሚሸጠው የላስቲክ ጉጉት፣ ብልጭ ብልጭ የሚለው መብራትና የሚያንጸባርቀው ጥብጣብ ለጥቂት ቀናት ይረዱ ይሆናል፤ አውሬው ሲለምዳቸው ግን ከምንም አይቆጥራቸውም። አውራ ዶሮም ቢሆን ጮኾ ያስጠነቅቃል እንጂ ጉጉት አይመልስም፤ ብዙ ከተሞችም በጩኸቱ ምክንያት ይከለክሉታል።

ቀንስ?

ቀን ዶሮዎቹን ለቀው የሚያሰማሩ ሰዎች መጠለያ ይስጧቸው። ቁጥቋጦ፣ ዝቅ ያለ ጠረጴዛ ወይም የቆርቆሮ ጥላ ሲኖር ጭልፊቱ ሲያንዣብብ ይሸሸጉበታል። ጭልፊት አንድ ቀን ከቀናው በማግስቱ መመለሱ አይቀርም፤ ስለዚህ ዶሮዎቹን ለተወሰኑ ቀናት ከነአካቴው አለማውጣት ነው። ያልቀናው ጭልፊት ሌላ ቦታ ይሄዳል።

ጣሪያው ሌላም ጥቅም አለው። ኤች 5 ኤን 1 የተባለው የወፍ ጉንፋን እ.ኤ.አ. ከ2022 መጀመሪያ አንስቶ በአሜሪካ የዶሮ እርባታዎች ውስጥ ገብቶ ከፍተኛ ጥፋት አድርሷል። በሽታው ከዱር ዳክዬና ከሌሎች ወፎች ኩስ ስለሚተላለፍ፣ ከላይ የተሸፈነ ቦታ ከጭልፊቱም ከበሽታውም ይከላከላል። ጉጉትና ጭልፊትም የታመመ ወፍ በልተው ይሞታሉ። ስለዚህ በግቢ የሞተ ወፍ፣ የራስ ዶሮም ይሁን የዱር፣ በባዶ እጅ አይነሣ፤ ሕፃናትም አይጫወቱበት። ብዙ ዶሮዎች በድንገት ከሞቱ አውሬ ከመጠርጠር በፊት ለስቴቱ የእርሻ መሥሪያ ቤት መደወል ይገባል።

አዲስ ለሚጀምሩ

ዶሮ ከመግዛት በፊት የከተማውንና የካውንቲውን ደንብ፣ እንዲሁም የሰፈሩን የቤት ባለቤቶች ማኅበር መጠየቅ ተገቢ ነው። ስንት ዶሮ እንደሚፈቀድ፣ ቤቱ ከጎረቤት አጥር ምን ያህል መራቅ እንዳለበት ቦታ ለቦታ ይለያያል። ከዚያም መጀመሪያ ቤቱን ሠርቶ ዶሮውን በኋላ ማምጣት ነው። በሚገባ የተሠራ ቤት ከአምስት ዶሮ ዋጋ በላይ ማስወጣቱ የማይቀር ነው፤ ግን የሚሠራው አንዴ ነው፤ ዶሮ ግን በየወሩ ሲበላ በየወሩ ይገዛል።

በመጨረሻም በሩን የሚዘጋው ሰው ማን እንደሆነ በቤተሰቡ መካከል ይታወቅ። እማማ ልጁ ዘግቶታል ሲሉ፣ ልጁ እማማ ዘግተውታል ሲል፣ በሩ ክፍቱን ያድራል። አብዛኛው ሰው ጠንካራውን ሽቦ የሚገዛው የመጀመሪያዋ ዶሮ ከተበላች በኋላ ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳይሆን፣ ዛሬ ማታ ከመጨለሙ በፊት ባትሪ ይዞ ወጥቶ ቀዳዳውን መፈተሽ ይሻላል።